አፕዴት ተቋርጦበት አልነሳ ያለን የዲኤስ ፍላሽ ካሴት እንዴት እንመልሰዋለን

ፍላሽ ካሴት ማለት ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት፣ ጌሙንም ከዚያ ሚሞሪ የሚያስነሳ የኒንቴንዶ ዲኤስ ካሴት ነው። አፕዴት ሲደረግለት ተቋርጦ ካሴቱ አልነሳ ካለ፣ ያንኑ አፕዴት ደግማችሁ አትጫኑበት። መጀመሪያ የተበላሸው የቱ እንደሆነ እንወቅ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ነጭ ስክሪን ሲያይ «ዴድ ሆኗል» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ወይም ከኢንተርኔት ያገኘውን ሁሉ እየጫነ ሊድን የሚችለውን ካሴት ከእነጭራሹ ይገድለዋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። እንዲህ ከሚሆኑት ካሴቶች አብዛኞቹ ራሳቸው ደህና ናቸው፤ ችግሩ ያለው ሚሞሪው ላይ ነው።

መመሪያው በዋናነት ለኒንቴንዶ ዲኤስና ለዲኤስ ላይት ነው። እኛ አካባቢ ያሉት መጫወቻዎች ብዙዎቹ እህት ወይም አክስት ከሳውዲ፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት ስትመለስ ይዛቸው የመጣች ናቸው። ካሴቱም ሳጥን የለው፣ ወረቀት የለው፣ መጫወቻው ውስጥ እንደተሰካ ነው የሚደርሰን። ስለዚህ ምን ዓይነት ካሴት እንደያዛችሁ መለየት ራሱ ትልቅ ስራ ነው። የጌምቦይ አድቫንስ ካሴት ላላችሁም ወደ መጨረሻው አካባቢ ጥቂት ነገር አስቀምጫለሁ።

ካሴቱ ውስጥ ምን አለ?

ፍላሽ ካሴት ሁለት ቦታ ላይ ሶፍትዌር አለው። አንደኛው ካሴቱ ውስጥ በተበየደ ቺፕ ላይ የተጻፈ ትንሽ ማስነሻ ነው። ቡትስትራፕ ይባላል። ስራው ለዲኤሱ ራሱን እንደ ጌም ማቅረብና ሚሞሪውን ከፍቶ ከርነሉን መፈለግ ነው። ሁለተኛው ከርነሉ ነው። እሱ ሚሞሪው ላይ እንደማንኛውም ፋይል ይቀመጣል። የምታዩት ሜኑ፣ ቀለሙ፣ የጌሞቹ ዝርዝር ሁሉ ከከርነሉ የሚመጣ ነው።

«አፕዴት» ሲባልም ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ፋይል አውርዳችሁ ወደ ሚሞሪው ገልብጣችሁ ብቻ ከሆነ፣ የቀየራችሁት ከርነሉን ነው። ቺፑ አልተነካም። ካፌ ውስጥ ፋይሉ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ቢሄድ እንኳን የሚጎዳው ያ ፋይል ነው፤ መልሶ መገልበጥ ይበቃል። ዲኤሱ ላይ «አታጥፉት» የሚል ጽሑፍና ቀስ እያለ የሚሞላ መስመር አይታችሁ ከነበረ ግን፣ ቺፑ ላይ እየተጻፈ ነበር ማለት ነው። ያኔ ባትሪ ካለቀ ነገሩ ይከብዳል። የትኛውን እንዳደረጋችሁ ረጋ ብላችሁ አስታውሱ።

ስክሪኑን አንብቡት

ዲኤሱን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማኑዋል ሞድ ላይ አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ካሴቱን በቀጥታ አይከፍተውም፤ ዋናው ሜኑ ላይ ይቆማል። አሁን ከላይ ያለውን የካሴት ቦታ ተመልከቱ።

የካሴቱ ምስልና ስም ከታየ ደስ ይበላችሁ። ቺፑ በሕይወት አለ፤ ቢያንስ መግቢያው ይነበባል። ስትከፍቱት ነጭ ስክሪን ከመጣ፣ «ሎዲንግ» ላይ ከቆመ ወይም አንድ ፋይል አላገኘሁም ካለ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥፋቱ ከርነሉ ወይም ሚሞሪው ላይ ነው። ለምሳሌ አር4 ከሚባሉት ፍላሽ ካሴቶች የመጀመሪያው የሚፈልገውን የሜኑ ፋይል ሲያጣ ስሙን ጠርቶ ይናገራል። እንዲህ የሚል ካሴት ምንም አልሆነም።

«ካሴት አልገባም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ከመጣ ሁለት ዕድል አለ። ወይ መገናኛው ቆሽሿል፣ ወይ ቺፑ ላይ ያለው መግቢያ ተበላሽቷል። ከመፍረዳችሁ በፊት ሌላ የሚሰራ ካሴት አስገብታችሁ ሞክሩ። ሌላውም ካልተነበበ ጥፋቱ የዲኤሱ ነው።

መገናኛውን ማጽዳት ሁለት ደቂቃ ነው። የዲኤስ ካሴት 17 ወርቃማ ቀለም ያላቸው መስመሮች አሉት። በንጹህ ጥጥ ወይም በጆሮ መጥረጊያ ትንሽ አልኮል ነክራችሁ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ። የፋርማሲው 70 በመቶ ይሰራል፣ ግን ውኃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። የሞባይል ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ጠንከር ያለው ይሻላል። ሽቶና ቤንዚን አይሆንም። ክረምት ላይ የደሴ ጉምና እርጥበት መገናኛ ስለሚያዝግ፣ ለወራት ሳይነካ የቆየ ካሴት መጀመሪያ ይጽዳ። ከጦሳ ብርድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ገና እንደገባችሁም አትክፈቱት፤ ቀዝቃዛ ብረት ላይ ላብ ይይዛል።

ባትሪና ቻርጀር

ከዚህ በኋላ የምታደርጉት ሁሉ የሞላ ባትሪ ይፈልጋል። ዲኤስ ላይት ቻርጅ ሲያደርግ ብርቱካናማ መብራት ይበራል፤ ሲሞላ ይጠፋል። ስትጫወቱ አረንጓዴው ወደ ቀይ ከዞረ ባትሪው ሊያልቅ ነው። መጫወቻዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ሞላ ብሎ በአሥር ደቂቃ ቀይ የሚያበራ ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ይዛችሁ ቺፕ ላይ የሚጽፍ ነገር አትጀምሩ። ያበጠ ባትሪ ከሆነ ደግሞ አውጡትና ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ዲኤሱ ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩን ገልብጡና ጽሑፉን አንብቡ። የአሜሪካው የኒንቴንዶ ቻርጀር ለ120 ቮልት ብቻ የተሰራ ነው። የእኛ መስመር 220 ነው። ቢሰካ ይቃጠላል፣ መጫወቻውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሰራ የዲኤስ ላይት ገመድ ካገኛችሁ ከስልክ ቻርጀር ጋር መጠቀም ይቻላል።

ሴቩን አድኑ

ሚሞሪውን አውጡና በካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ፎልደር ገልብጡ። የሴቭ ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ከጌሙ ጋር አንድ ስም አላቸው፤ መጠናቸው ትንሽ ነው። ጌም ሁልጊዜ መልሶ ይገኛል። ትንሹ ወንድማችሁ ዓመት ሙሉ የደከመበት ሴቭ ግን ከጠፋ ጠፋ። ይህን ሳያደርጉ ፎርማት የሚያደርጉ ሰዎችን ሳይ አንጀቴ ያራል።

ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቀ እሺ አትበሉ። መጀመሪያ የጠፋ ፋይል በሚመልስ ሶፍትዌር ያለውን ሞክሩ። ሾርትከት ቫይረስ የገባበት ከሆነ ደግሞ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው ላይሆን ይችላል። የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አድርጋችሁ እዩ። ይህ ቫይረስ በካፌ ኮምፒውተር በኩል በጣም ይዛመታል። የሚሞሪው መክፈቻ ላይ፣ ማለትም ሚሞሪውን ስትከፍቱ በቀጥታ በሚታየው ቦታ፣ ያላስቀመጣችሁት ሾርትከት ካያችሁ፣ ከርነሉ አልነሳ ያለበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ሚሞሪው ትክክለኛ ነው?

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ የብዙው ሰው ችግር የሚያልቀው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው አር4 ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ሚሞሪ አያነብም። ከ4 እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ኤስዲኤችሲ ይባላሉ፤ መረጃ ያለበት ቦታ የሚቆጠርበት መንገድ የተለየ ነው። አሮጌው ባይት በባይት ይቆጥራል፣ አዲሱ በ512 ባይት ብሎክ ይቆጥራል። ስለዚህ 4 ጊጋውን ከፋፍሎ 2 ማድረግ አይረዳም። ካሴቱ ላይ ኤስዲኤችሲ የሚል ጽሑፍ ካለ አዲሱን ይቀበላል ማለት ነው። ከሌለ 2 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ፈልጉ። አሁን ሱቅ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ዘመድ ቤት ካለ አሮጌ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ ፎርጅድ ሚሞሪ ነው። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ይላል፣ ውስጡ 4 ነው። ኮምፒውተሩም 32 ብሎ ያሳያል። 4 ጊጋው እስኪሞላ ይሰራል፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምሩት ፋይል ቀድሞ የነበረውን ሊደመስስ ይችላል፤ ከርነሉንም ጭምር። ሰውዬው አዲስ ጌም ከጨመረ በኋላ ካሴቱ ሲቆም «አፕዴቱ ነው ያበላሸው» ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባሉ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ። ሚሞሪውን ሙሉ በሙሉ ጽፈው መልሰው ያነባሉ። ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ማታ አስነስታችሁ ተዉት። ስህተት ካወጣ ያ ሚሞሪ ለካሴት አይሆንም። ፒያሳ ስትገዙ ሻጩን ቀድማችሁ አነጋግሩት፦ ፈትሼ ፎርጅድ ከሆነ እመልሰዋለሁ በሉት። እሺ የሚል ሻጭ ጋ ግዙ።

ደህና ሚሞሪ ከሆነ ፎርማት እናድርገው። የኤስዲ ማኅበር ራሱ ያዘጋጀውን ኤስዲ ሜሞሪ ካርድ ፎርማተር ተጠቀሙ። 2 ጊጋውን ፋት16፣ ከ4 እስከ 32 ያለውን ፋት32 አድርጎ በትክክል ያስተካክለዋል። በዊንዶውስ ካደረጋችሁት ደግሞ አሎኬሽን ዩኒት የሚለውን 32 ኪሎባይት ላይ አድርጉ። 64 ጊጋና ከዚያ በላይ ያለው ኤክስፋት ሆኖ ይወጣል፤ የዲኤስ ካሴቶች ያንን አያነቡም፣ ስለዚህ ባትሞክሩት ይሻላል። ስልክ ላይ ፎርማት አታድርጉ። በተለይ አንድሮይድ ሚሞሪውን እንደ ውስጥ ማከማቻ ካደረገው ይቆልፈዋል።

ከርነሉን መመለስ

የካሴቱን ስቲከር በደንብ አንብቡ። አር4 የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ በዚህ ስም እጅግ ብዙ ቅጂዎች ተሰርተዋል፤ እያንዳንዱም የራሱ ከርነል አለው። ወሳኙ ስቲከሩ ላይ በትንሹ የታተመው የድረ ገጽ አድራሻ ነው። አንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ አሉ። ስቲከሩ ከተላጠ ካሴቱን ከፍታችሁ ቺፖቹ የተበየዱበትን ሰሌዳ ቁጥር ተመልከቱ፣ ወይም ዲኤሱ ሜኑ ላይ የሚታየውን ምስልና ስም ፎቶ አንሱና አወዳድሩ።

ለመጀመሪያው አር4 ዉድ አር4 የሚባለው ከርነል ጥሩ ነው፤ የመጨረሻው ቁጥር 1.62 ነው። ለሌሎቹ የራሳቸውን ፈልጉ። የወረደው ዚፕ ከሆነ መጀመሪያ ፍቱት። ዚፑን እንዳለ መገልበጥ ወይም ፎልደሩን በሌላ ፎልደር ውስጥ ማስገባት የተለመደ ችግር ነው። የሜኑ ፋይሉ ሚሞሪው ስትከፍቱት በቀጥታ መታየት አለበት። መጀመሪያ ከርነሉን ብቻ ገልብጡ። በ«ኢጀክት» አስወጡና ካሴቱ ውስጥ አስገብታችሁ ሞክሩ። ሜኑው ከመጣ ሴቩንና ጌሙን ቀስ እያላችሁ መልሱ።

የማይሆን ከርነል ሚሞሪ ላይ መገልበጥ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አይከፍትም፣ ታጠፉታላችሁ፣ ሌላ ትሞክራላችሁ። ግን አንድ የታወቀ አደገኛ ነገር አለ። የዲኤስቲቲ ካሴት 1.17ኤ12 የሚባለው ከርነል የቅጂ ካሴቶችን ሆን ብሎ የሚያበላሽ ኮድ አለበት። የእናንተ ኦሪጅናል ይሁን ቅጂ በዓይን መለየት ስለሚከብድ፣ ዲኤስቲቲ ያለው ሰው ይህን ቁጥር ፈጽሞ አይጠቀም።

ቀኑን ተመልከቱ

አንዳንድ የአር4 ቅጂዎች ከርነል ውስጥ የጊዜ ገደብ አለ። የዲኤሱ ቀን ከተወሰነ ጊዜ ካለፈ «ሎዲንግ» ላይ ይቆማል ወይም ስህተት ያሳያል። አዲስ ካሴት እንድትገዙ ነው የተደረገው፤ ነውር ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ዓመቱን ወደ 2010 መልሱትና ክፈቱ። ከተነሳ ምክንያቱ ተገኘ። መፍትሔው ቀኑን እንዲያው መተው ወይም ገደቡ የሌለበት ሌላ ከርነል መጫን ነው፤ ዋይኤስሜኑ የሚባለው ከእነዚህ ካሴቶች ብዙዎቹ ላይ ይሰራል።

እኛ ጋ ይህ በተለየ መንገድ ሊመጣ ይችላል። ዲኤሱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሆን ገደቡ ላይደርስበት ይችላል። አንድ ቀን ወንድሙ ቀኑን በፈረንጅ ሲያስተካክለው ካሴቱ ድንገት ይቆማል። አፕዴት ያደረጋችሁት ያን ሰሞን ከሆነ ጥፋቱ የአፕዴቱ ይመስላችኋል።

ቺፑ ራሱ ከተጎዳ

እዚህ የደረሰ ሰው ሚሞሪውን ቀይሯል፣ መገናኛውን አጽድቷል፣ ትክክለኛውን ከርነል ሞክሯል፣ ቀኑንም አይቷል። አሁንም ካልተነሳ ቺፑ ላይ እንጽፋለን። ከዚህ በፊት ግን አይሆንም።

ቺፑ ላይ የሚጽፉ አፕዴቶች በብዛት የወጡት ከዲኤስ ላይት በኋላ ለመጡት የኒንቴንዶ መጫወቻዎች፣ ለዲኤስአይና ለ3ዲኤስ ነው። ኒንቴንዶ የእነዚህን ሲስተም እያሻሻለ ካሴቶቹን ሲዘጋ፣ የካሴት ሰሪዎቹ መልሰው ማስነሻውን ይቀይሩ ነበር። ዲኤስና ዲኤስ ላይት ግን እንዲህ ያለ የሲስተም አፕዴት የላቸውም። ስለዚህ ዲኤስ ላይት ብቻ ያለው ሰው የዲኤስአይ አፕዴት ካሴቱ ላይ የሚጭንበት ምክንያት የለም። ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ቢበዛ ብዙ ካሴት ይተርፍ ነበር።

ኤም3አይ ዜሮ የሚባለው ካሴት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ካሴቱ ሲሸጥ ቺፑን በኮምፒውተር የሚጽፍ የዩኤስቢ ማያያዣ አብሮት ይመጣል። ያ ማያያዣ ካለ ዲኤሱ ካሴቱን ባያውቀውም መልሶ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ከካሴቱ ጋር የመጣ ምንም ዓይነት ትንሽ ገመድ አትጣሉ።

ኤሴካርድ 2አይ የሚባለው ካሴት ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሲስተሙ የተከፈተ፣ ሉማ የሚባለው ሶፍትዌር የተጫነበት 3ዲኤስ ያለው ጓደኛ ፈልጉ። ኤንቲአርቡት ፍላሸር የሚባለው ፕሮግራም የሚነሳው ከ3ዲኤሱ ሚሞሪ ስለሆነ የእናንተ ካሴት መስራት አይጠበቅበትም። ፋይሉን ሉማ ፎልደር ውስጥ ባለው ፔይሎድስ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፤ ስታርት ቁልፍን ይዛችሁ 3ዲኤሱን ታበራላችሁ። ከዝርዝሩ የካሴታችሁን ዓይነት ትመርጣላችሁ። ከዚያ የመጀመሪያው ስራ ቺፑ ላይ አሁን ያለውን፣ የተበላሸም ቢሆን፣ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከጤነኛ ካሴት ቺፕ የተገለበጠውን ደህና ቅጂ የምትጽፉት። ደህናው ቅጂ ከአንድ ዓይነት ካሴት የተወሰደ መሆን አለበት። ኤሴካርድ 2አይ ኤችደብሊው 44 እና ኤችደብሊው 81 የሚባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዝርዝሩ የሌላ ካሴት ስም መርጦ መጻፍ ደግሞ የተረፈውን ማጥፋት ነው። ፕሮግራሙ ከአር4 ቅጂዎችም የተወሰኑትን ያውቃል። የእናንተ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ይመሳሰላል ብላችሁ አትሞክሩ።

3ዲኤስ ካልተገኘና ለካሴታችሁ የተሰራ የዲኤስ መጻፊያ ፕሮግራም ካለ፣ ሌላ የሚሰራ ፍላሽ ካሴት ተውሳችሁ መቀያየር ይቻላል። በጤነኛው ካሴት መጻፊያ ፕሮግራሙን ታስነሳላችሁ። ፕሮግራሙ 4 ሜጋባይት በሆነው የዲኤሱ ራም ላይ ስለሚቀመጥ ካሴቱ ቢወጣም መስራቱን ይቀጥላል። «ካሴት ቀይሩ» ሲል ብቻ ጤነኛውን ቀጥ አድርጋችሁ ታወጣላችሁ፣ የታመመውን ታስገባላችሁ። ሳይጠይቅ መቀየር፣ ክዳኑን መዝጋት፣ መሃል ላይ ቁልፍ መንካት የለም። የተውሶ ካሴት ስለሆነ ለባለቤቱ አደጋው እንዳለ ቀድማችሁ ንገሩት።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የቀረው ካሴቱን ከፍቶ ቺፑን ማየት ነው። ሰሌዳው ላይ ስምንት እግር ያለው፣ ቁጥሩ በ25 የሚጀምር ቺፕ ካያችሁ ተስፋ አለ። የላፕቶፕ ባዮስ የሚጽፉ ጠጋኞች ሲኤች341ኤ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ይህን ቺፕ ማንበብና መጻፍ ይችላል። ርካሹ ጥቁር ሲኤች341ኤ ግን ለ3.3 ቮልት ቺፕ በመረጃ መስመሮቹ 5 ቮልት ይልካል። ጠጋኙን የተስተካከለ እንደሆነ ጠይቁት። ደህና ቅጂ ይዛችሁ ካልሄዳችሁም መሣሪያው ብቻውን ምንም አይሰራላችሁም። ቺፑ በጥቁር ሙጫ ጠብታ የተሸፈነ ከሆነ በዚህ መንገድ አይደረስበትም፤ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

የጌምቦይ አድቫንስ ካሴት ላላችሁ

እነዚህ ቀለል ይላሉ። ኢዚ ፍላሽ 4 እና ኢዚ ፍላሽ ኦሜጋ የአፕዴት ፋይሉ ሚሞሪው መክፈቻ ላይ ተቀምጦ፣ የአር ቁልፍን ይዞ በማብራት ነው የሚሻሻሉት። ከተቋረጠ ባትሪውን ሞልታችሁ፣ ፋይሉን እንደገና አውርዳችሁና ገልብጣችሁ ያንኑ ድገሙ። የኤቨርድራይቭ ጂቢኤ ሲስተም ደግሞ ጂቢኤሲስ በሚባል ፎልደር ሚሞሪው ላይ ነው፤ ፎልደሩን ከአዲስ መገልበጥ ነው። ዋናው ጌምቦይ አድቫንስ በሁለት ባትሪ ድንጋይ ስለሚሰራ ለዚህ ስራ አዲስ ድንጋይ ግዙ። ዲኤስ ላይት ካላችሁ ከታች ባለው ማስገቢያ አፕዴቱን እዚያ ማድረግ ትችላላችሁ።

ከተነሳ በኋላ

ሜኑ ስለመጣ አልቋል አይባልም። አንድ ትንሽ ሆምብሪው፣ ማለትም ሰዎች ራሳቸው የሰሩት ፕሮግራም፣ አስነሱ። ከዚያ አንድ ጌም ከፍታችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ መልሳችሁ ክፈቱና ሴቩ እንዳለ እዩ። ሴቭ ካላደረገ ፎርማቱን ወይም ሚሞሪውን ተጠራጠሩ። ሁሉም ከሰራ የሚሞሪውን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጡ። ቺፑንም ማንበብ ከቻላችሁ ያንንም ገልብጡ፤ ፎልደሩ ላይ የካሴቱን ሙሉ ስም፣ የስቲከሩን አድራሻና የሰሌዳውን ቁጥር ጻፉበት። ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ውስጥ አንድ ዓይነት ካሴት ያለው ሌላ ልጅ ሲቸግረው፣ የሚያድነው ደህና ቅጂ የእናንተው ይሆናል።